ቶሎ የሚያነቃው ማስተኛ ለእኛ ሆስፒታሎች ይረባል? ከሰሜን ሸዋ የተነሳ ክርክር

መነሻው ጽሑፍ

ለአጭር ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ፣ እንደ ሬሚማዞላም ያለ ማስተኛ መድኃኒት ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ከሰውነት መውጣቱ ከአዲስ አበባ ይልቅ ሰሜን ሸዋን ይጠቅማል ብዬ እከራከራለሁ። የከተማ ሰው ከኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ ገብቶ ከሚደረግ የውስጥ ምርመራ) በኋላ ቢደነዝዝ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ታክሲ አለ፤ ቢብስበትም የሚመለስበት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ክንዱ የተቃናለት ገበሬ፣ ማኅፀኗ የተጠረገላት እናት፣ መግል የቋጠረ እብጠቱ የተከፈተለት ልጅ በዚያው ቀን ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ይሳፈራሉ፤ አለዚያም ጣርማ በርን አልፈው ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ። ለማደሪያ የሚከፍሉት የላቸውም። የማገገሚያ ክፍሉ አልጋም ለተረኛው ይፈለጋል።

በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች ይታወቃሉ። ዳያዜፓምና ርዝራዡ ከአንድ ቀን በላይ በሰውነት ውስጥ ይሰነብታሉ። ሚዳዞላም ከእሱ ይሻላል፤ ሆኖም ጉበት ሲሰባብረው የሚገኘው ርዝራዥ ራሱ ያስተኛል፤ ሲደጋገምም ይከማቻል። ፕሮፖፎል በደቂቃዎች ያነቃል፤ ነገር ግን የደም ግፊት ይጥላል፣ ትንፋሽ ያቆማል፣ ሲገባ ክንድ ያቃጥላል፣ ማርከሻም የለውም። ኬታሚንን ማማት ነውር ነው፤ ቢሆንም እየቃዠ የሚነሳን ጎልማሳ ሁለት ሰው ይዞት ያየ ሁሉ ሌላ ነገር መመኘቱ አይቀርም።

ሬሚማዞላም የሚዳዞላም የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ በሞለኪውሉ ላይ የኤስተር ማያያዣ መጨመሩ ነው፤ ሰውነታችን ያንን ማያያዣ በፍጥነት ይቆርጠዋል፤ የሚቀረው ርዝራዥም አያስተኛም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ለሙሉ ሰመመን ፈቀደችው፤ አሜሪካ በዚያው ዓመት በሐምሌ ከ30 ደቂቃ ለማይበልጡ ሕክምናዎች ማስተኛ እንዲሆን ፈቀደች። ፍሉማዜኒል የተባለ መድኃኒት ያረክሰዋል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በእጁ ሰጥቶ ያየው አለ? ለሆስፒታላችሁስ ይገዛ ብላችሁ ትጠይቁ ነበር?

ምላሾቹ

ከላይ ያለውን ለሙያ ባልደረቦቼ ካቀረብኩ በኋላ ከመጡት ምላሾች ብዙዎቹ በተረኝነት መካከል በስልክ ተጣድፈው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ቃላቸውን ከማስቀመጥ ይልቅ በቁጥራቸው ተራ በራሴ አነጋገር ተርኬያቸዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም አልደበቅሁም።

1ኛው ምላሽ የመጣው ደብረ ብርሃን ከሚሠራ ወጣት የሰመመን ባለሙያ ነው። በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ፣ በተለይ በገበያ ቀን የማገገሚያ አልጋ ጭንቀት እንደሚብስ ጻፈ። ከምስጋናው በቀር ብዙ የጨመረው የለም።

2ኛው አንዲት መስመር ብቻ ነበር። መሐል ሜዳ የሚሠራ ባልደረባ መጀመሪያ ኦክስጅን አምጡ ከሚል ትእዛዝ በቀር ምንም ሳይጽፍ ሄደ። ነገሩ ለጊዜው አበሳጨኝ፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ስጠይቀው ግን 3ኛ ሆኖ የገባው ማብራሪያው ከክሩ (ከምላሾቹ ሰንሰለት) ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር ይዞ መጣ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር ታልፋለች። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ነዋሪው በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 15 በመቶ ኦክስጅን ብቻ ያለበትን አየር ከመሳብ ጋር ይመሳሰላል። ጤነኛ የመንዝ ሰው በፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክስጅን በመቶኛ በሚለካው መሣሪያ) 91 ወይም 92 ቢያሳይ ማንም አይደነግጥም፤ ግን ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ከ98 የጀመረ በሽተኛ ትንፋሹ ለአፍታ ቢያጥር ባለሙያው የሚነቃበት ጊዜ ያገኛል። መንዝ ላይ ያው አፍታ በሽተኛውን ቁልቁል ይወስደዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ በ10 ደቂቃ ይውጣ በ40፣ አደጋው ያለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ከደጋ ሆስፒታል አንጻር የማጠሩ ነገር ሁለተኛ ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል። መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ማሽን፣ ኮንሰንትሬተሩ፣ እንደሚቆምም አልረሳም።

4ኛዋ ይህን ተቀብላ አንድ ማረሚያ አከለች። ኦክስጅን መስጠት ግዴታ ቢሆንም ኦክስጅን ራሱ ያታልላል፤ በሽተኛው በወጉ ሳይተነፍስ ቆይቶ እንኳ ኦክሲሜትሩ ለደቂቃዎች 97 ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በደሙ ውስጥ እየጨመረ ነው። ይህን የሚያሳየው በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለካው ካፕኖግራፍ ነው፤ እሱ ከሌለ ደረት ላይ የተጣለ ዓይንና እጅ ይተካዋል። ትክክል ናት። የኦክሲሜትሩን ድምፅ እየሰሙ ወሬ የሚያወሩ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን።

5ኛው ሬሚማዞላም ሳክሳሜቶኒየም እንደተባለው ጡንቻ ማላሊያ በደም ውስጥ ባለ ኢንዛይም እንደሚፈጭ፣ ስለዚህ ያ ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደለው ሰው እንደሚቸገር አስጠነቀቀ። 6ኛዋ፣ የፋርማኮሎጂ መምህርት፣ በጨዋነት አቃናችው። መድኃኒቱን የሚቆርጠው በዋናነት ጉበት ውስጥ የሚገኘው ካርቦክሲልኤስተሬዝ 1 የተባለው ኢንዛይም ነው፤ የሳክሳሜቶኒየሙ ኢንዛይም ሌላ ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ብዙ አይጎዳበትም፤ ጉበቱ ክፉኛ የታመመ ግን መጠኑ በጥንቃቄ፣ በትንሽ በትንሹ ካልሆነ ዘግይቶ ይነቃል። 5ኛው አመስግኖ ተቀበለ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

7ኛው ምላሽ ብዙዎቻችንን ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር የጻፉት ነው። እርሳቸው አዲስ መድኃኒት በመጣ ቁጥር ያየነውን እንድናስታውስ ብለው ወደ ኋላ ወሰዱን። ታዮፔንታል እ.ኤ.አ. በ1934 ለሰው መሰጠት ሲጀምር እሱ ራሱ የፍጥነት ተአምር ነበር። ኬታሚን በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞከረ፤ በ1970 አሜሪካ ፈቀደችው። ፕሮፖፎልን ካስገኙት ዋነኛው የእንስሳት ሐኪሙ አይን ግሌን ነው። መድኃኒቱ በ1977 በሰው ላይ ሲሞከር የተሟሟበት ክሬሞፎር የተባለ ፈሳሽ ከባድ አለርጂ ስላስነሳ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል በሚገኝ ቅባት እንደገና ተበጥብጦ ለገበያ የደረሰው በ1986 ነው። ነጭ ሆኖ ወተት የሚመስለው ለዚህ ነው። ኤቶሚዴት ለልብ ምቹ ተብሎ ሲሞገስ ቆይቶ፣ በ1983 በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተከታታይ ሲንጠባጠብላቸው የቆዩ ጉዳተኞች አብዝተው መሞታቸው ተስተዋለ፤ ምክንያቱም ከኩላሊት በላይ ያለችውን እጢ ሆርሞን እንዳታመርት ያግዳታል። ፎስፕሮፖፎል በታኅሣሥ 2008 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ፣ በሽተኞችን በማይወራበት ቦታ እያሳከከና እየቆጠቆጠ ብዙም ሳይዘልቅ ከገበያ ጠፋ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ስለ ሚዳዞላም የጻፉት ነው። ዛሬ እኔ ቀርፋፋ ብዬ የማማው ሚዳዞላም በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ሲገባ ከዳያዜፓም ይልቅ ቶሎ የሚወጣ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ነገር ግን ሐኪሞች በዳያዜፓም ልክ፣ በፍጥነት፣ ከፔቲዲንና ከመሰል የሕመም ማስታገሻ ጋር እየደረቡ ሲሰጡት በኢንዶስኮፒ ክፍሎች ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ሰዎች ተበራከቱ። የአወሳሰድ መመሪያው ወደ ታች የተቀነሰውና ቀስ በቀስ ይሰጥ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ይህን ጽፈው ዝም አሉ፤ ለእኔ ክርክር ምን ማለት እንደሆነ ግን ግልጽ ነበር። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው የመድኃኒቱ መርዘም አይደለም።

8ኛው ታሪክ ልንማር አልመጣንም የሚል መንፈስ ያለበት አጭር ቁጣ ጻፈ። 9ኛው ደግሞ ለታላቅ እንዲህ አይመለስም ብሎ ገሠጸው፤ መምህሩን ጋሼ እያለ በ8ኛው ፋንታ ይቅርታ ጠየቀ። መምህሩ ራሳቸው ምንም አልመለሱም።

10ኛዋ ውጭ አገር የሠለጠነች፣ አሁን አዲስ አበባ ያለች የሰመመን ሐኪም ናት። ከመካከላችን ሬሚማዞላምን በእጇ የሰጠች እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ለጎልማሳ በአሜሪካው መመሪያ 5 ሚሊ ግራም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ካስፈለገ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ እየተጠበቀ 2.5 ይጨመራል፤ ለደካማ በሽተኛ ከዚያ ያንሳል። የደም ግፊቱ ከፕሮፖፎል ጋር ሲነጻጸር የረጋ ነው፤ በሽተኛው ክንዴን ብሎ አይጮህም፤ አንዳንዱን ስቅታ ይይዘዋል። በመንቃት ፍጥነት ግን ፕሮፖፎልን ይበልጣል ብሎ መጠበቅ ስህተት እንደሆነ፣ አንዳንዴ እንዲያውም ፕሮፖፎል እንደሚቀድም አስረዳች። የሬሚማዞላም ብልጫ ልብና ትንፋሽ ላይ መለዘቡና ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው ባይ ናት። ሲፕሮፎልንም አነሳች፦ ቻይና በ2020 መጨረሻ የፈቀደችው የፕሮፖፎል ወንድም ነው፤ ጉልበቱ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ክንድ ማቃጠሉም አነስተኛ ነው። ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለውን ሌላ ማስተኛ ግን ከዚህ ወገን አትቆጥረውም፤ መጀመሪያውኑ በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ስለሚገባና የልብ ምት ስለሚያዘገይ ለአጭር ሕክምና አያመችም።

11ኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን የአሜሪካ የትልቁ አንጀት ምርመራ ጥናት ይዞ መጣ። 461 በሽተኞች ነበሩ፤ ማስተኛው ተሳካ የተባለላቸው በሬሚማዞላም 91.3 በመቶ፣ በሚዳዞላም 25.2፣ መድኃኒት በሌለበት ባዶ መርፌ 1.7። ከዚህ በኋላ ክርክር አያስፈልግም ብሎ ደመደመ። 12ኛዋ አልማረችውም። የሚዳዞላሙ ቡድን ምን እንደሚሰጠው ሐኪሙም በሽተኛውም ያውቁ ነበር፤ መጠኑ በዚያ በተቀነሰው መመሪያ ታጥሮ በጥቂት በጥቂቱ ነው የተሰጠው፤ ከተወሰነ ቁጥር በላይ መርፌ ያስፈለገው ሰው እንዳልተሳካለት ተቆጠረ። እጁና እግሩ ታስሮ የሮጠን ሰው ቀደምኩት ማለት እንደማያኮራ በምጸት ጻፈች። 11ኛው ጥናቱ ቢያንስ በዘፈቀደ መድቦ የተሠራ መሆኑን አስታውሶ እሷ የተሻለ ካላት እንድታመጣ ጠየቀ፤ 13ኛው ምላሽ ያ ነው። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ። ሬሚማዞላም መሥራቱ አያጠራጥርም፤ 91 ከ25 ጋር የተነጻጸረበት መንገድ ግን ለግዥ ኮሚቴ የሚቀርብ ማስረጃ አይሆንም።

14ኛው ማርከሻ አለው የሚለውን ደስታዬን አቀዘቀዘው። በሠራባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ ፍሉማዜኒልን በመጽሐፍ እንጂ በመደርደሪያ አይቶት አያውቅም፤ የማይገኝ ማርከሻ ደግሞ ማርከሻ አይባልም። 15ኛዋ፣ ያችው የአዲስ አበባዋ ሐኪም፣ ቢገኝም ወጥመድ እንዳለው አከለች። የፍሉማዜኒል ዕድሜ አጭር ነው፤ ረጅም ሰመመን በብዙ ሬሚማዞላም ከተሠራ በኋላ በፍሉማዜኒል የነቁ በሽተኞች ተመልሰው ማንቀላፋታቸው ከጃፓን ተዘግቧል። የሚጥል በሽታ ባለበትና ዳያዜፓምን የዘወትር ባደረገ ሰው ላይም መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ አርክሶ ወዲያው ማሰናበት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ፤ ግን እኔ አልከፋኝም። 16ኛው ትከሻው የወለቀ ሽማግሌ ያን ሁሉ ሚዳዞላም ወስደው ስለ ማሳቸው ወግ መቀጠላቸውን፣ ኋላ ላይ ልጃቸው ሲጠየቅ አረቄ ከቁርስ በፊት እንደሚጀምሩ መናገሩን አወጋ። አልኮል የለመደ አንጎል ለዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶችም ስለሚደነድን ሬሚማዞላምም ቢሆን አያመልጥም። 17ኛዋ ስለ ጸበል አስታወሰች። ከሌሊት ጀምሮ እህል ያልቀመሰች እናት በማለዳ ጸበል በብዛት ጠጥታ መጥታ እንደ መጠጣት አልቆጠረችውም ነበር፤ ደንቡ ለምግብ 6 ሰዓት፣ ለጠራ ፈሳሽ 2 ሰዓት ስለሆነ ጠዋት ላይ ጸበሉን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ እንደሚበጅ መከረች። ይህን እኔም መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ሌላ አንድ ሰው ስለ ጫት ጥቂት ብሎ ነበር፤ ማንም አልተከተለውም።

18ኛው ምላሽ ቤቱን አወከው። አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት እንዲህ ያለ መድኃኒት በሰመመን ሐኪም እጅ ብቻ መሰጠት እንዳለበት፣ ሐኪም ያልሆነ፣ በዲግሪ የተመረቀ የሰመመን ባለሙያ እየለመደ በሽተኛ ላይ መሞከር እንደሌለበት ጻፈ። 19ኛው፣ የመሐል ሜዳው፣ የምሩን ተቆጣ። በዚህ ዞን ለቀዶ ሕክምና የሚያስተኙት እነማን እንደሆኑ ስፔሻሊስቱ መጥቶ እንዲያይ፣ እስኪመጣ ድረስም የምጥ ተጎጂዋ እናት ትጠብቀው እንደሆነ እንዲነግራት ጠየቀ። ከዚህ በኋላ የተጻፉትን ሦስት አራት መስመሮች ዘልዬአቸዋለሁ፤ የሁለቱንም ወገን አያስከብሩም። ሐሳቡን ለይቼ ሳየው ግን ስፔሻሊስቱ ግማሽ እውነት አለው። የአሜሪካው መመሪያ ራሱ በትልቁ የሚያስጠነቅቀው፣ ሰጪው የሠለጠነ መሆን እንዳለበት፣ በሽተኛው ያለማቋረጥ መታየት እንዳለበትና ከኦፒዮይድ (እንደ ፔቲዲን ካለ ማስታገሻ) ጋር ሲደረብ ትንፋሽ እንደሚያደክም ነው። የተሳሳተው አደጋውን በዲግሪው ዓይነት መለካቱ ላይ ነው።

ይህን ከእኔ ይልቅ የገለጸችው 20ኛዋ ናት፤ በአንድ ሆስፒታል የማህፀን ክፍል የሌሊት ተረኛ የሆነች ሲስተር። ፅንስ ወርዶባት ደም የሚፈሳት ሴት በሌሊት ስትመጣ የሰመመን ባለሙያው ለቀዶ ጥገና ከተያዘ ዳያዜፓምና ፔቲዲን የምትሰጠው እሷ ናት፤ መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ናት፤ የሴትየዋን እጅ የምትይዘውም እሷው ናት። ትንፋሿን የሚቆጥር ሰው የለም። ስለ ሬሚማዞላም የምንከራከረውን ሁሉ አንብባ እንደጨረሰች፣ መድኃኒቱ ቢመጣ ለዚያች ሴት ምን እንደሚለወጥ ጠየቀች። ማንም ለረጅም ጊዜ አልመለሰላትም። እኔ የምለው አለኝ፦ የአልጋውና የመሳፈሩ ችግር እውነተኛ ስለሆነ መነሻ ሐሳቤን አልተውኩም፤ ነገር ግን አጭሩ መድኃኒት የሚያሳጥረው የኋላውን ድንዛዜ ነው፤ የሲስተሯ ሴት የምትሞተው ደግሞ በፊተኞቹ ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከተቻለ የሚገዛው መድኃኒቱ አይደለም፤ ራስጌ ቆሞ ትንፋሽ ከመመልከት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ሰው በሌሊት ፈረቃ ይመደብ።

21ኛው ኬታሚንን ተከላከለ፤ ግፊት ይይዛል፣ ትንፋሽን እምብዛም አይነካም፣ ሕመምም ያስታግሳል፤ ሬሚማዞላም ግን ለሕመም ምንም አያደርግም። ስብራት ለማቃናት የሕመም ማስታገሻ መደረቡ ስለማይቀር በተግባር የምናወዳድረው ሁለት መድኃኒትን ከአንድ ጋር እንደሆነ አሳየ። ይህን ከማንም አልሰማሁትም ነበር፤ ጥሩ ነጥብ ነው።

22ኛው ከደብረ ብርሃን የጻፈ ፋርማሲስት ነው። ቁጣም ወግም ሳይጨምር ጻፈ። ሬሚማዞላም 20 ሚሊ ግራም ዱቄት ሆኖ በቫያል (በትንሽ ጠርሙስ) ይመጣል፤ በ8.2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ሲበጠበጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ በሚንጠባጠብበት መስመር ከገባ ሊረጋና ሊዘቅጥ ስለሚችል፣ ሪንገር የዘወትር ፈሳሻችን በሆነበት ክፍል ይህ በትልቁ መጻፍ አለበት። በውስጡ ዴክስትራን 40 የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ ለዚያ አለርጂክ የሆነ ሰው አይወስድም። ቅባት ስለሌለበት እንደ ፕሮፖፎል የባክቴሪያ ማደጊያ አይሆንም፤ በዚህ አጋጣሚ በስሪንጅ የተሳበ ፕሮፖፎል ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ አንዱ አምፑልም ለሁለት በሽተኛ እንዳይከፈል አሳሰበ። ግዥን በተመለከተ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ መድኃኒት ሆስፒታል በተለመደው መንገድ ሊያዝዝ እንደማይችል፣ ስለዚህ ፈላጊ ሁሉ በወር ስንት አጭር ሕክምና እንደሚሠራና ዛሬ በምን እንደሚያስተኛ ጽፎ ለየሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ እንዲያቀርብ መከረ። ኮሚቴው በቅድሚያ የሚጠይቀው ፍሉማዜኒል አብሮ ይታዘዛል ወይ የሚለውን እንደሚሆንም አስጠነቀቀ።

የእኔን ቁጥር ልኬለታለሁ፤ ትልቁ ድርሻ ስብራት ማቃናትና የማኅፀን ጠረጋ ነው። 23ኛው የመሐል ሜዳው ባልደረባ በዚያው ቅጽ ላይ ከመድኃኒቱ በፊት ካፕኖግራፍ እንዲጻፍለት፣ የሌሊት ተረኛ ጥያቄም በሁለተኛ መስመር እንዲገባ ጠየቀ። ፋርማሲስቱ ቅጹ የመድኃኒት እንጂ የመሣሪያና የሰው ኃይል እንዳልሆነ መለሰለት፤ ሁለቱ ለዚያ የሚሆን የተለየ ደብዳቤ ማን እንደሚፈርመው አሁንም እየተጻጻፉ ናቸው።